ያየ፣ የሰማና የተመዘገበ፦ ዲጂታል ውርስና ንቃተ ኅሊና በአዋሽ ሸለቆ

ዲጂታል ውርስ የሚባለው አንድ ሰው በሞት ሲለይ በስልኩ፣ በኮምፒዩተሩና በኢንተርኔት ኩባንያዎች ማከማቻ ውስጥ ትቶት የሚሄደው የፎቶግራፍ፣ የድምፅ፣ የመልእክት፣ የገንዘብና የእንቅስቃሴ መዝገብ ሁሉ ነው። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ወደብ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር፣ በሎግያ ገበያ የምትነግድ ሴት ወይም በሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ስሙን ሰምተውት ባያውቁ እንኳ በየቀኑ ያከማቹታል፤ የቴሌብር ዝውውሩ፣ በቴሌግራም የተላከው የድምፅ መልእክት፣ በፌስቡክ የተለጠፈው የሠርግ ፎቶ ባለቤቱ ሲያልፍ አብረውት አይቀበሩም። ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ ነገሩ ከስልክ ጋር የመጣ አዲስ ነገር ተደርጎ መቅረቡ የተለመደ ነው። ሆኖም ከሰው የሚቀረው ምንድን ነው፣ የቀረው ነገርስ ከሰውየው ጋር ያለው ዝምድና ምን ያህል ነው የሚለውን ጥያቄ እንደ አዋሽ ሸለቆ በማስረጃ አስደግፎ መጠየቅ የሚቻልባቸው ስፍራዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው፤ ሸለቆው በአንድ በኩል የሚሊዮን ዓመታት አፅም፣ በሌላ በኩል ደግሞ ቃልን ከተናጋሪው ሳይነጥል የሚያስተላልፈውን፣ ዳጉ የተባለውን የአፋሮች የዜና ሥርዓት ይዞ ይገኛልና።

ሁለት አፋሮች በበረሃ መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ቢተዋወቁም ባይተዋወቁም፣ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆመው፣ ጊዜ ካለም ጥላ ፈልገው ተቀምጠው፣ ከሰላምታ በኋላ አንዱ ሌላውን ምን እንዳየና ምን እንደሰማ በተራ ይጠይቃል፤ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ግጦሹና ውሃው በምን ሁኔታ እንዳለ፣ የከብት በሽታ መግባት አለመግባቱን፣ የትኞቹ ጎሳዎች እንደተጣሉና እንደታረቁ፣ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ምን ዓይነት እንግዳ በአካባቢው እንዳለፈ ይነጋገራሉ። የጠፋ ግመል የሚፈለገውም በዚሁ መንገድ ነው። መልእክቱን የተቀበለው ሰው በተራው ለሚያገኘው ሌላ መንገደኛ ስለሚያካፍል፣ ወሬው ሬዲዮም ሆነ ስልክ በሌለበት ዘመን ሰፊውን ቆላ አቋርጦ በአጭር ጊዜ ይዳረስ ነበር፤ ዛሬም በስልክ ታግዞ ይቀጥላል።

ዳጉን ከተራ ወሬ የሚለየው ግን ፍጥነቱ ሳይሆን ተጠያቂነቱ ነው። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን በጆሮው ከሰማው ለይቶ መናገር አለበት፤ የሰማ ከሆነ ደግሞ ከማን እንደሰማ ይጠየቃል፤ ሰሚውም የነገረውን ሰው ማንነት፣ የመጣበትን አቅጣጫና የወሬውን ምንጭ መዝኖ ያምናል ወይም ያቆያል። ሐሰት ያስተላለፈ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ይጠየቃል፣ ስሙም ይጎድፋል፤ በዚያ ምድር ስለ ውሃ የተነገረ አንድ የሐሰት ቃል የመንጋንና የሰውን ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል ቅጣቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በዳጉ አስተሳሰብ ቃል ብቻውን አይጓዝም፣ ሁልጊዜ ያየው ወይም የሰማው ሰው አብሮት አለ፤ ስለዚህ «ምን ተባለ?» የሚለው ጥያቄ «ማን አየው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር ተያይዞ ይኖራል። ይህ ስለተባለ ዳጉን ከሚገባው በላይ ማወደስ አይገባም፤ ለዛሬ ውሳኔ የሚጠቅም ወቅታዊ መረጃን እንጂ የትናንቱን ወሬ ለልጅ ልጅ የሚያስቀምጥ መዝገብ አይደለም፣ ዝናቡ ከዘነበና ሣሩ ከተጋጠ በኋላ የዚያ ቀን ዳጉ ሥራውን ጨርሷልና።

«ማን አየው?» የሚለው የዳጉ ጥያቄ ወደ ንቃተ ኅሊና ይመራል። ንቃተ ኅሊና የሚለው ቃል በፍልስፍናና በአንጎል ሳይንስ ብዙ ትርጉም ቢሰጠውም፣ ለዚህ ጽሑፍ የሚበቃው ትርጉም አንድ ፍጡር የሚያየውንና የሚሰማውን ነገር ለራሱ የሚያይና የሚሰማ መሆኑ ነው፤ ማለትም ብርሃን ዓይኑ ላይ ማረፉ ብቻ ሳይሆን ማየት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ውስጣዊ ባለቤት መኖሩ ነው። አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ዴቪድ ቻልመርስ እ.ኤ.አ. በ1995 ባቀረበው ጽሑፍ «ከባዱ ችግር» ያለው ይህንኑ ነው፤ አንጎል መረጃን እንዴት እንደሚለይ፣ እንደሚያስታውስና ለእንቅስቃሴ እንደሚያውል ማብራራት ቢቻል እንኳ፣ ይህ ሁሉ ሥራ ለምን ከውስጣዊ ስሜት ጋር አብሮ እንደሚከናወን ሳይብራራ ይቀራል።

ሰመራን ከሚሌ ጋር ከሚያገናኘው መንገድ ብዙም በማይርቀው የታችኛው አዋሽ ሸለቆ ይህ ችግር በአንዲት ሕፃን አፅም ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመራው ቡድን በ1993 ዓ.ም. ከሐዳር ማዶ፣ ከአዋሽ ወንዝ ሌላኛው ዳር፣ ዲኪካ በተባለ ስፍራ ያገኛትና ሰላም የተባለችው ይህች ሕፃን የኖረችው ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሲሆን፣ ወገኗ የድንቅነሽ ዝርያ የሆነው አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ነው። የራስ ቅሏ በፈረንሳይ ግሬኖብል ከተማ በሚገኘው ሲንክሮትሮን፣ ማለትም ከሆስፒታል ራጅ እጅግ የበለጠ ኃይል ባለው የኤክስሬይ ማመንጫ፣ ድንጋዩ ሳይሰበር ውስጡ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የጥናቱ ውጤት ሁለት ነገሮችን አሳየ። አንደኛ፣ አንጎል በሕይወት ዘመን በራስ ቅሉ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚያሳርፈው የሽንትር አሻራ፣ የሰላም አንጎል አደረጃጀቱ ከዛሬው ሰው ይልቅ ወደ ቺምፓንዚ የቀረበ እንደነበረ አመለከተ፤ ዕድገቱ ግን ከቺምፓንዚ የዘገየ ነበር፣ ይህም ለረጅም ጊዜ በእናትና በዘመድ እንክብካቤ ሥር ሆኖ የመማር ጅማሬ ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ገምተዋል። ሁለተኛው ነገር ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። የጥርስ ንጣፍ ሲያድግ የየቀኑን ዕድገት በቀጭን መስመር እየለየ ስለሚያስቀምጥ፣ መስመሮቹ ተቆጥረው ሕፃኗ የሞተችው በ861ኛው ቀኗ ገደማ እንደሆነ ተሰላ።

ማንም ሳያስበው የተጻፈ፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ቀን በቀን የሚነበብ መዝገብ መኖሩ የዛሬዎቹን የመረጃ ማከማቻዎች ያሳፍራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ከ861ዱ ቀናት መካከል የአንዲቱ ቀን እይታ፣ ሕፃኗ አንድ ጥዋት ወንዙን ስታይ ምን እንደመሰላት፣ ከመስመሮቹ በአንዱም ውስጥ አይገኝም። ጉድለቱ የመሣሪያው አይደለም፤ አሻራው የተቀመጠው ከአጥንቱና ከጥርሱ ዕድገት ነው፣ የሕፃኗ ማየት ግን የተፈጸመው ለራሷ ነበርና ከእሷ ጋር አልፏል። የዘመኑ ስልክ የባለቤቱን እርምጃ፣ የልብ ምት፣ የሄደበትን መንገድና የጻፈውን ሁሉ ሲመዘግብ ከጥርሱ መዝገብ በመጠን ይበልጣል፤ በዓይነቱ ግን ከዚያ የተለየ ለመሆኑ ማስረጃ የለም።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ራሷም ከዲጂታል ውርስ ውጭ አይደለችም። አፅሟ ለዐውደ ርእይ ወደ አሜሪካ በሄደበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሲቲ ስካን ተነሥቶ ከ35 ሺህ በላይ የምስል ቁራጮች ተሰብስበዋል። ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቻቸው በ2016 በእነዚህ ምስሎች ተመርኩዘው ድንቅነሽ የሞተችው ከዛፍ ወድቃ ነው ሲሉ፣ አፅሟን ያገኘውን ዶናልድ ጆሃንሰንን ጨምሮ ሌሎች ስብራቱ ከሞተች በኋላ በመሬት ጫና የመጣ ሊሆን ይችላል ብለው ተቃውመዋል። በኢትዮጵያ ፈቃድ የትከሻዋና የጉልበቷ ዲጂታል ቅጂ ለሕዝብ ስለተለቀቀ፣ ማንም ተማሪ በሦስት አውታር ማተሚያ አትሞ ክርክሩን በእጁ ሊመረምር ይችላል። ይህ ጥቅሙ ግልጽ የሆነ ውርስ ነው፤ ክርክሩም ራሱ መዝገብ ብቻውን እንደማይናገር፣ አንባቢ እንደሚፈልግ ያሳያል።

ሰው የሞተውን ሰው ምልክት ሆን ብሎ መያዝ መቼ እንደጀመረ ለሚጠይቅ ደግሞ መካከለኛው አዋሽ እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት መልሶች አንዱን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሄርቶ ከተባለ የአፋር መንደር አጠገብ፣ ብርሃነ አስፋውና ቲም ኋይት ከሌሎች ጋር በመሩት ጥናት፣ የሁለት አዋቂዎችና ዕድሜው ከ6 እስከ 7 ዓመት የሚገመት የአንድ ልጅ የራስ ቅል ተገኝቶ በ2003 ይፋ ሆነ። ዕድሜያቸው 160 ሺህ ዓመት አካባቢ የሆነ እነዚህ አፅሞች የዛሬው ሰው ዝርያ፣ የሆሞ ሳፒያንስ፣ ናቸው። በልጁ የራስ ቅል ላይ በስለታም ድንጋይ ሥጋው የተገፈፈበት ጭረት ያለ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ግን የአጥንቱ ገጽ በተደጋጋሚ ከመነካካት የተነሣ ለስልሶ ይታያል፤ ተመራማሪዎቹም ይህን ከሞት በኋላ የተፈጸመ ሥርዓት ምልክት አድርገው ተርጉመውታል።

ትርጓሜው ትክክል ከሆነ፣ ልስላሴው የሚናገረው ስለ ልጁ ሳይሆን ስለያዙት እጆች ነው። ልጁ ምን ይወድ እንደነበር፣ ምን ይፈራ እንደነበር ከራስ ቅሉ አይታወቅም፤ ሕያዋን የነበሩት ግን እንዳልጣሉት፣ ደጋግመው እንዳነሡት ይታወቃል። ዛሬ የሞተ ወንድሙን የድምፅ መልእክት ከስልኩ ሳያጠፋ በየጊዜው የሚያዳምጥ ሰው የሚያደርገው ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስልም፤ መልእክቱ የተደመጠበትን ቀንና ሰዓት የሚያሳየው መዝገብም ስለ ሟቹ አንዳች አይጨምርም፣ ስለ ሐዘንተኛው እንጂ።

የሚቀረው መዝገብ የማን ነው የሚለው የባለቤትነት ጥያቄ ሲነሣ የእንግሊዛዊው ተጓዥ የዊልፍሬድ ቴሲጀር ክምችት መታየት አለበት። ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1933፣ ያኔ በባቡር ጣቢያዋ ከምትታወቀው ከአዋሽ ተነሥቶ የወንዙን አቅጣጫ ተከትሎ በአውሳ ሱልጣኔት በኩል አቤ ሐይቅ ድረስ ወርዷል፤ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የሚያበቃውም እዚያ ነው። በዚህና በኋለኞቹ ጉዞዎቹ ያነሣቸው ከ38 ሺህ በላይ ኔጋቲቮች ዛሬ በኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ። የእሱ ማስታወሻና ፎቶግራፎች ለአፋር ታሪክ ዋጋ ያላቸው ሰነዶች ናቸው፣ ይህን መካድ አይቻልም፤ ይሁን እንጂ በምስሎቹ ውስጥ የሚታዩት አፋሮች ምን እንዳዩና ምን እንደሰሙ የጠየቀው፣ መልሱንም በራሱ ቋንቋ የጻፈው ተጓዡ ነው፣ ውርሱም በስሙ የሚጠራው የእሱ ነው።

ከምስልና ከድምፅ ያለፈው አዲሱ ነገር ግን ሟቹን የሚያናግር ማሽን ነው። ሩሲያዊቷ የሶፍትዌር ባለሙያ ዩጂኒያ ኩይዳ በመኪና አደጋ የሞተባትን ጓደኛዋን የጽሑፍ መልእክቶች ከወዳጆቹ ሰብስባ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በእሱ አነጋገር የሚመልስ ፕሮግራም ሠራች፤ ከዚያ ወዲህ ይህን መሰሉ አገልግሎት በተለያዩ አገሮች ለገበያ ቀርቧል። እነዚህ ሥርዓቶች የሚሠሩት ብዛት ካለው ጽሑፍ ውስጥ የትኛው ቃል ከየትኛው ቀጥሎ የመምጣት ዕድል እንዳለው በመማር ነው፤ በዚህ ላይ የአንድ ሰው መልእክት ሲጨመርበት የሰውየውን አባባል፣ ቀልዱንና የሚወዳቸውን ቃላት መምሰል ይችላሉ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሰርል በ1980 ባቀረበው የታወቀ ምሳሌ፣ ቻይንኛ የማያውቅ ሰው በአንድ ክፍል ተቀምጦ የመመሪያ መጽሐፍ እያየ በቻይንኛ ለሚመጡለት ጥያቄዎች ትክክለኛውን ምልክት ቢመልስ፣ ውጭ ያሉት ቻይንኛ የሚያውቅ ይመስላቸዋል፣ እሱ ግን አንድም ቃል አልገባውም ብሎ ተከራክሯል።

ሁሉም በዚህ አይስማማም። ከእንግሊዛዊው ጆን ሎክ ጀምሮ የሰውን ማንነት በትዝታ ቀጣይነት ላይ የመሠረቱ አሳቢዎች አሉ፤ ዛሬም ንቃተ ኅሊና ማለት የአንጎል አሠራር ነው፣ አሠራሩ በሌላ ቁስ ላይ በትክክል ከተደገመ ንቃቱም ይደገማል የሚሉ ፈላስፎች ብዙ ናቸው፣ ክርክራቸውም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን ከሟች መልእክት የሚሠራው ማሽን የአንጎልን አሠራር አይደግምም፤ የሚደግመው የንግግሩን ቅሪት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ዳጉ ሥርዓት ይመለሳል። ማሽኑ «ትናንት ናፍቄህ ነበር» ሲል፣ የናፈቀ ማን ነው? ሟቹ ይህን ቃል ለዚህ ሰው በዚህ ቀን አልተናገረም፤ ማሽኑም አላየም፣ አልሰማም፤ የሠራው ኩባንያ ደግሞ ለቃሉ ኃላፊነት አይወስድም። በአፋር ቆላ አንድ መንገደኛ ከማን እንደሰማው መናገር የማይችለውን ወሬ ቢያመጣ ሰሚው አያምነውም፤ የማሽኑ ቃል በማንም ምስክር ላይ ያልቆመ በመሆኑ የሚገባው ሚዛንም ይኸው ነው። ለሐዘንተኛ መጽናኛ ሊሆን ይችላል፤ ከሟቹ የመጣ ዜና ግን አይደለም።

በዚህ ረገድ የአብዛኛው አፋር ሃይማኖት የሆነው እስልምና ለሟች ውርስ የሚሰጠው ሚዛን ልብ ሊባል ይገባል። በአስተምህሮው መሠረት ሰው ሲሞት ሥራው የሚቋረጥ ሲሆን፣ ከሦስት ነገሮች የሚገኘው ምንዳ ግን ይቀጥላል፤ እነርሱም ሰደቀቱል ጃሪያ የሚባለው ዘላቂ ምጽዋት፣ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀትና ለወላጁ ዱዓ የሚያደርግ ደግ ልጅ ናቸው። ከሦስቱ አንዱም የሟቹን መልክ ወይም ድምፅ ማቆየት አይደለም፤ ሁሉም በሕያዋን እጅ የሚቀጥሉ ሥራዎች ናቸው። በስልክ ቀርቶ ለሌላ የሚጠቅም ትምህርት ከዚህ ሊቆጠር ይችላል፤ ድምፁን አስመስሎ የሚያወራው ማሽን ግን ከየትኛው እንደሚመደብ ለማየት ያዳግታል።

ሕጉ ገና ወደዚህ አልደረሰም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 826 የሟች መብቶችና ግዴታዎች በሞቱ ምክንያት የሚቋረጡት ሲቀሩ ወደ ወራሾች እንደሚተላለፉ ይደነግጋል፤ በአፋር ክልል ደግሞ ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። በሞባይል ሒሳብ ውስጥ የቀረ ገንዘብ ገንዘብ ስለሆነ በዚህ ድንጋጌ ለመሸፈን አያስቸግርም። የመልእክቶች፣ የፎቶግራፎችና የገጾች ዕጣ ግን በተግባር የሚወሰነው ባለቤቱ ሳያነብ በተስማማባቸው የኩባንያ ደንቦች ነው። ፌስቡክ የሟችን ገጽ ወደ መታሰቢያነት የሚለውጥ ሲሆን፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገጹን የሚጠብቅ ሰው በሕይወት እያሉ መሰየምን ፈቅዷል፤ ጉግል ከ2013፣ አፕል ከ2021 ጀምሮ ተመሳሳይ ምርጫ ይሰጣሉ፤ በኢትዮጵያ እጅግ የተለመደው ቴሌግራም ግን ለተወሰኑ ወራት ያልተከፈተን አድራሻ ከነይዘቱ ራሱ ያጠፋል፣ ወራቱንም ባለቤቱ ሊያስተካክል ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ የሕያዋንን መብት በማጠናከር ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ ለአንድ ቤተሰብ ዛሬ የሚበጀው አባቱ በሕይወት ሳለ ምርጫውን በስልኩ ላይ እንዲሞላ ማድረግ ነው።

ለአፋርኛ ተናጋሪዎች ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። በቃል ለኖረ ቋንቋ የድምፅ መልእክት ከጽሑፍ ይልቅ ተፈጥሯዊ ስለሆነ፣ ከሰመራ ወደ ገጠር፣ ከገጠር ወደ አዋሽ የሚመላለሰው ድምፅ የዘመኑ ዋነኛ የአፋርኛ መዝገብ እየሆነ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2024 ለትርጉም አገልግሎቱ 110 አዳዲስ ቋንቋዎችን ሲጨምር አፋርኛ አንዱ ነበር፤ ኩባንያው እንደገለጸውም በዚያ ዙር ከገቡት ቋንቋዎች ሁሉ ከፍተኛውን የበጎ ፈቃደኞች አስተዋጽኦ ያገኘው አፋርኛ ነው። ይህ ማለት አፋርኛን የሚያነበውና የሚጽፈው ማሽን የተማረው በብዙ ሰዎች ልፋት ነው ማለት ነው፤ ከተማረ በኋላ ግን የትኛውን ከማን እንደተማረ መናገር አይችልም።

የሽማግሌዎችን ቃል ለመጪው ትውልድ ለማቆየት የሚነሣ ማንኛውም ተቋም በዚህ ነጥብ ላይ ከዳጉ የሚወስደው አሠራር አለ። ድምፁ ሲቀዳ የተናጋሪው ስምና ጎሳ፣ የተቀዳበት ቀንና ቦታ፣ ጠያቂው ማን እንደነበረ፣ ከተነገረውም ውስጥ ተናጋሪው በዓይኑ ያየው የትኛው፣ ከሌላ የሰማው የትኛው፣ የሰማውስ ከማን እንደሆነ ከድምፁ ጋር ተያይዞ ይጻፍ፤ ቀረጻው ማሽን ለማሠልጠን ይውል ዘንድ ተናጋሪው ፈቅዶ እንደሆነም እንዲሁ። ለዚህ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አሁን ባለው ተራ ስልክና በአንድ ገጽ ቅጽ ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል።